በጓደኛዬ አንገት ላይ ያለው ኮከብ

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ ድንበሩን ተሻግረው መተማ የሚገቡት ሴቶች ወደ ሱቃችን የሚመጡት ወርቃቸውን ለመሸጥ ነበር። አምባራቸውን ሲያወልቁ ክንዳቸው ላይ የሚቀረውን ፈዘዝ ያለ ክብ ማየት ስለማልችል ፊቴን ወደ ስፌቴ እመልሳለሁ። በዚያ ሰሞን ጌጥ ሊያስጠግን የመጣ ሰው አላስታውስም። ስለዚህ እኒያ ሴትዮ ገብተው፣ የመሀረባቸውን ቋጠሮ ፈትተው አንድ የተጣመመ ቀለበት ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ጓደኛዬ ወዲያው ሚዛኗን ሳበች።

"አልሸጥም" አሉ ሴትዮዋ በተሰባበረ አማርኛ። "አስተካክይልኝ። ጣቴ ላይ መልሼ ላድርገው።"

ጓደኛዬ ሚዛኗን ገፋ አድርጋ ቀለበቱን አነሳች። እኔን ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር አንዲት ክፍል ሱቅ ተጋርተን እንሠራለን። ከበሩ በስተቀኝ የእኔ የስፌት መኪና፣ በስተግራ የእሷ የብር ሥራ ጠረጴዛ አለ። እሷ የተበጠሰ ሐብል ትበይዳለች፣ ቀለበት ታሰፋለች፣ ታጠባለች፤ እኔ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ቶብ ጠርዙን እዘመዝማለሁ። መካከላችን አንድ ማራገቢያ አለ። ወደ እሷ ካዞርነው የመበየጃዋን እሳት ያጠፋባታል፤ እሳቱን ስታጠፋ ደግሞ መልሳ ወደ ራሷ ታዞረዋለች። በመተማ ሙቀት ይኸ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በቀን ብዙ ጊዜ እንጨቃጨቅበታለን።

እሷ የመተማ ልጅ ናት። አባቷ ሙስሊም ብር ሠሪ፣ እናቷ ክርስቲያን ነበሩ፤ ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም። ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ነው፤ ከአባቷ ጋር ሲሠሩ የሚያወሩትም በዐረብኛ ነበር። የሰውን አንገት ሁሉ ስታሳምር የራሷ አንገት ባዶ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ "ማተብ ባስር አባቴ ያዝናል፣ ሌላ ባስር እናቴ ታዝናለች፤ በዚያው ለመድኩት" አለችኝ።

እኔ ደገኛ ነኝ፣ የጋይንት። ሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ለሥራ ከሚወርዱት ሰዎች ጋር ወርጄ ኮኪት አጠገብ አንድ እርሻ ላይ ለሠራተኞቹ ወጥ እሠራ ነበር። አጨዳው ሲያልቅ ሌሎቹ ወደየአገራቸው ተመለሱ። እኔ የምመለስበት ቤት አልነበረኝምና መተማ ቀረሁ። ጓደኛዬን ያገኘኋት ጉትቻዬ ተሰብሮ ላስበይድ ስሄድ ነው። ጉትቻውን ትታ ቀሚሴን ትመረምር ጀመር።

"ይኸን ማን ሰፋልሽ?"

"ራሴ።"

"በመኪና?"

"በእጄ።"

ሳምንት ሳይቆይ ከአንድ ነጋዴ አሮጌ የስፌት መኪና አግኝታ "እዚች ጥግ ተቀመጭ" አለችኝ። ያን ጊዜ የተቀመጥኩ እስካሁን አልተነሳሁም። በመሐሉ ባል አገባሁ፣ አልሆነልኝም። እሷም ባሏ ሞተባት። እዚህ ቆላ ሰው "ማን አለሽ?" ሲለኝ ወደ ግራ ጎኔ በአገጬ እጠቁም ነበር። መልሴ እሱ ነበር።

ወደ ቀለበቱ ልመለስ። ጥቁር ድንጋይ ላይ በብር የተሠራ ምልክት ነበረበት፤ እኔ ከመኪናዬ ሆኜ ሳየው የተጠላለፈ ሐረግ መሰለኝ። ሴትዮዋ ከካርቱም ሲወጡ በየኬላው እየተፈተሹ ስለነበር ጸጉራቸው ውስጥ ጎንጉነው ደብቀውት ነው የተጣመመው። ከጎኑ የነበረች ትንሽ ኮከብም ወድቃ ጠፍታለች።

"ይቺን ኮከብ እንደገና ልሥራት" አለች ጓደኛዬ። "ግን ምን እንደሆነ ሳላውቅ መሥራት አልወድም። ጽሑፍ ነው?"

ሴትዮዋ ወረቀት ለመኑና እየሳሉ አስረዷት። አግድም የተሰመሩ ሦስት መስመሮች አሉ። የላይኛው የፈጣሪ ዓለም ነው፤ የታችኛው የእኛ፣ የሰው ልጆች። መካከለኛው የመልእክተኞቹ፣ የነቢያቱ ዓለም ነው። ከዚያ ያው የመካከለኛው መስመር ቀጥ ብሎ ይቆምና ከላይ እስከ ታች ሦስቱንም ያያይዛቸዋል። በግራና በቀኝ ያሉት ባለ አምስት ጫፍ ኮከቦች የእምነታቸው ሁለት መልእክተኞች ናቸው። እምነታቸው ባሃኢ ይባላል። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

"እና ይኸ የቆመው መስመር ባይኖር?" አለች ጓደኛዬ።

"ከላይ ያለው ከላይ፣ ከታች ያለው ከታች ይቀራላ" አሉ ሴትዮዋ።

ጓደኛዬ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ስትደነቅ እንዴት እንደምትሆን አውቃለሁ፤ የታችኛውን ከንፈሯን ታጥፋለች። የእኔን ስፌት ዓይታ እንዲህ የሆነችው ድሮ፣ ያን የመጀመሪያውን ዕለት ነበር። እግሬ የመኪናውን መርገጫ እንደረሳው ያወቅሁት ሴትዮዋ ዞረው ሲያዩኝ ነው።

ቀለበቱ ካለቀ በኋላ ይቀራሉ ብዬ ነበር። አልቀሩም። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ማለት ሲጀምር በፔርሙዝ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ ሻይ፣ ይዘው ይመጣሉ። ካርቱም አስተማሪ ስለነበሩና እዚህም የተፈናቃይ ልጆችን ሰብስበው ፊደል ስለሚያስቆጥሩ ሰው ሁሉ "ኡስታዛ" ይላቸው ጀመር፤ በዐረብኛ አስተማሪ ማለት ነው። ዕድሜያቸው ከእኛ ጠና ያለ ነው። በአፌ "እርስዎ" እላቸዋለሁ። በልቤ ግን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ "አንች" ሆነው ነበር። "አንች ደግሞ መጣሽ?" እላለሁ በልቤ፤ በአፌ "ኡስታዛ፣ ይቀመጡ እንጂ" እላለሁ።

ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ዐረብኛው ነው። የእኔ ዐረብኛ የገበያ ነው፤ ስንት ነው፣ ቀንሽ፣ ነገ ነይ፣ በዚያ ያልቃል። እነሱ ግን እንደ ወንዝ ነው የሚያወሩት። ጓደኛዬ በዐረብኛ ስትስቅ ሳቋ ራሱ ይለያል፤ ወፈር ይላል። ያን ሳቅ በዚያ ሁሉ ዓመት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ቤቴ ውስጥ የማላውቀው ክፍል እንዳለ የተነገረኝ ያህል ሆነብኝ።

"ምን አለችሽ?" እላለሁ ኡስታዛ ሲወጡ።

"ማን 'አለችሽ'? አሉሽ በይ፤ ትልቅ ሰው ናቸው።"

"እሺ ምን አሉሽ?"

"ስለ ብዙ ነገር ነው።"

ስለ ብዙ ነገር! ለእኔ እኮ ትናንት የበላችውን ሳይቀር ነበር የምትነግረኝ።

ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። እኔ ሳወራ ኡስታዛ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስለ መብራቱ መጥፋት፣ ስለ ክሩ ጥራት፣ ስለ ማራገቢያው ከጓደኛዬ ጋር ስነታረክ ቀና ብዬ ሳያቸው ግድግዳው ላይ ተደግፈው ዓይናቸው ክድን ብሏል። የደጋ ሴት ለፍለፋ አሰልችቷቸው ነው አልኩ። ናቁኝ አልኩ።

ኡስታዛ የተከራዩት ቤት ግቢ ውስጥ የሣር ጥላ አለ፤ እሑድ እሑድ ከሰዓት እዚያ ሰው እየተሰበሰበ ይጸለያል። ጓደኛዬ መሄድ ጀመረች። "ነይ አብረን እንሂድ" ስትለኝ ራሴን አመመኝ እላለሁ፤ ከሄደች በኋላ ግን ቤቴ ተቀምጬ አሁን ምን እያሉ ይሆን እያልኩ አመሻለሁ። በመጨረሻ አልቻልኩም፤ ሄድኩ።

የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ቄስ የለም፣ ሼህ የለም። ከኦምዱርማን የመጡ ባልና ሚስት አሉ፣ በወሎ አነጋገሩ የሚያሳሳቅ የእርሻ ሠራተኛ አለ፣ ከሽንፋ አቅጣጫ የመጣች ጉሙዝ እናት ከሴት ልጇ ጋር አለች፣ መድኃኒት ቤት ያለው ሰውዬ አለ። ሰው ሁሉ በየቋንቋውና በየመጽሐፉ ያነባል፤ አንዱ ዳዊት፣ አንዱ ቁርዓን፣ ኡስታዛ የራሳቸውን። ማንም ማንንም አያርምም። ከዚያ ሻይ ተጠጣ። ኡስታዛ ሰው ሁሉ አንድ ቤተሰብ መሆኑን፣ ሃይማኖቶችም የወረዱት ከአንድ አምላክ መሆኑን ተናገሩ። ክፉ ነገር የለውም። እኔ ግን የተቀመጥኩት ሌላ ነገር እየጠበቅሁ ነበር። ኡስታዛ ስገባ ሳሙኝ፤ የወሎውን ሰውዬ በተቀበሉበት ፈገግታ፣ ጉሙዟን እናት ባቀፉበት እቅፍ። ጓደኛዬም ከአጠገቤ ተነስታ ሄዳ ለሁሉም እኩል ሻይ ስትቀዳ አየኋት። የእኔን ብርጭቆ ከሌላው አስቀድማ አልቀዳችም፤ ስኳሬን እንደምታውቀው አልጨመረችም። ማንኪያውን ከነስኳሩ አቀበለችኝ፣ እንደ እንግዳ።

ሰው ሁሉ አንድ ነው ሲባል ሌላው ሰው የሚያገኘውን እንጃ። እኔ ያጣሁ መሰለኝ።

የፋሲካ ሰሞን ነው። ጓደኛዬ ሥራ ጨርሳ ትንሽ ብር አውጥታ ለብቻዋ አንድ ነገር ትሞርዳለች። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ኮከብ ነው፤ ግን ጫፉ ብዙ ነው። በአንዱ ቀን "እስቲ ነይ፣ አንገትሽን" ብላ ክር አዙራ ለካችኝ። የፋሲካ ስጦታ ነው አልኩ። መስቀል ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ግን ከእሷ እጅ ከወጣ ኮከብም ይሁን። ሌሊቱን ሙሉ ምን ብዬ እንደማመሰግናት ሳስብ አደርኩ። ከማተቤ ጋር እንዳይጋጭ ሐብሉ ዝቅ ይላል ብዬም አሰብኩ። ለእሷ ደግሞ ከቤቴ ያስቀመጥኩት ጥሩ ጥጥ ጨርቅ ነበረኝ፤ ቀሚስ ልሰፋላት ቆረጥኩት።

በነጋታው ሱቅ ስደርስ ኮከቡ የራሷ አንገት ላይ ነው።

በዚያ ባዶ አንገት ላይ።

"ለራስሽ ነው እንዴ?" አልኳት።

"አዎ። ምነው?"

"በእኔ አንገት ለክተሽው?"

"የራሴን መለካት አልቻልኩማ፤ አንገታችን አንድ ልክ ነው ብዬ ነው።" ከዚያ ፊቴን አየችና "ውይ" አለች። "ላንች መስሎሽ ነበር?"

"አልመሰለኝም" አልኳት። ቆርጬ ይዤው የመጣሁትን ጨርቅ ጠቅልዬ ከመኪናው ሥር ከተትኩት።

ቀረብ አለች። ምን ማለት እንደሆነ ልትነግረኝ ፈለገች፤ በደስታ ነው የምትናገረው። ዘጠኝ ጫፍ አለው። "ባሃ" የሚለው ቃል በዐረብኛ ፊደሉ በቁጥር ሲሰላ ዘጠኝ ይመጣል። ዘጠኝ ደግሞ ከነጠላ ቁጥሮች የመጨረሻው ትልቁ ነው፤ ከሱ በታች ያሉትን ሁሉ ይይዛል። "አባቴንም እናቴንም የያዘልኝ ምልክት ነው" አለች። "ገባሽ? ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳላሳዝን አንገቴ ላይ አንድ ነገር አደረግሁ።"

አሁን ሳስበው ያ ትልቅ ነገር ነበር። ያን ጊዜ ግን የሰማሁት አባቷንና እናቷን ብቻ ነው።

"ከዘጠኙ ጫፍ የእኔ የትኛው ነው?" አልኳት።

ሳቀች። "እንዲህ ተከፋፍሎ አይደለም እኮ።"

"ሰው ሁሉ አንድ ከሆነ፣ እኔና ያ በበራችን የሚያልፈው ባለ ባጃጅ ላንች እኩል ነን?"

"እንደ ሰው፣ አዎ።"

"እንደ ሰው አይደለም የጠየቅሁሽ!"

ሳቋ ቆመ። ሞረዷን አስቀመጠች። "አንች የምትፈልጊው እንድወድሽ አይደለም" አለች ቀስ ብላ። "ሌላ ሰው እንዳልወድ ነው።"

"አዎ!" አልኳት። "እሱን ነው የምፈልገው።"

እንዲህ ፊት ለፊት እላለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ ግን እውነቱ እሱ ነበር። እሷም ሞረዷን መልሳ አነሳች። ኡስታዛ ከሰዓት በኋላ ከርከዴያቸውን ይዘው መጡ፤ የሁለታችንን ፊት አዩና ፔርሙዙን አስቀምጠው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ለሥራ ብቻ ሆነ። መቀስ አቀብይኝ። ደንበኛ ጠይቆሽ ነበር። ቁልፉን ውሰጂ። ማራገቢያውን ማንም አልነካውም፤ ወደ በሩ እንደዞረ መንገደኛውን ሲያቀዘቅዝ ሰነበተ። እሷ በላብ ተነክራ ትበይዳለች፣ እኔ በላብ ተነክሬ እሰፋለሁ። ኡስታዛ ሲመጡ የስፌት መኪናዬን ድምፅ ከፍ አድርጌ እረግጠዋለሁ። ያቺን ኮከብ ማየት ስላልፈለግሁ ጀርባዬን ሰጥቼ መቀመጥ ጀመርኩ፤ ቢሆንም የመስኮቱ መስታወት ላይ ታብለጨልጭብኛለች። ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

ዝናቡ ሲያቆም፣ ማሽላው ሲያሽት፣ ወባ በየቤቱ ገባ። አንድ ጠዋት ሱቃችን እንደተቆለፈ አገኘሁት። እሷ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድማ ነው የምትከፍት። ቤቷ ድረስ ሮጬ ሄድኩ። በሩን ገፋ ሳደርግ አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ሰውነቷ እሳት ነው። በባጃጅ ይዣት ጤና ጣቢያ በረርኩ። ባለ ባጃጁ ለካ ለኡስታዛ ነግሯቸው ኖሮ፣ ነርሷ ስሟን ስትመዘግብ እሳቸውም ቶባቸውን እየሰበሰቡ ደረሱ።

ክፍሉ በሕመምተኛ ተጨናንቋል። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ "አስታማሚ አንድ ብቻ ነው የሚገባ" አለች። "የማን ናት?"

"የእኔ!" አልኩ።

"የእኔ" አሉ ኡስታዛ ከኋላዬ።

ነርሷ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። "እናቷ ነዎት?" አለቻቸው።

"አይደሉም!" ብዬ ቀደምኳቸው።

ኡስታዛ ወደ እኔ ዞረው አዩኝና "እሷ ትግባ" አሉ ለነርሷ። "እሷ ናት ያለቻት።" ወጥተው ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

እኔ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ጓደኛዬ በትኩሳት እየነደደች እኔ አሸነፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ፤ ግሉኮስ ተሰቀለላት። ደስታዬ ግን አልቆየም። ጓደኛዬ መቃዠት ጀመረች፤ የምትቃዠው በዐረብኛ ነው። አንድ ነገር ትጠይቀኛለች፣ ዓይኔን እያየች ትለምነኛለች፣ እኔ ምን እንደሆነ አላውቅም። ውኃ ሰጠኋት፣ ገፋችው። ብርድ ልብሱን ጨመርኩላት፣ አለቀሰች። ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር የአባቷን ቋንቋ ልማር ብዬ አስቤ እንኳ አላውቅም።

ተነስቼ ወጣሁ። ከኒሙ ሥር ያሉት ኡስታዛ ሲያዩኝ ደንግጠው ቆሙ።

"ኡስታዛ፣ እባክዎ ይምጡልኝ" አልኳቸው። "የምትለው አልገባኝም።"

ነርሷን ለምነን አብረን ገባን። ኡስታዛ ጆሯቸውን ወደ አፏ አስጠግተው አዳመጡ። "አባቷን ነው የምታናግረው" አሉ። "እግሬን እሳቱ ፈጀኝ ትላለች። ብርድ ልብሱን ከእግሯ አንሽላት።" አነሳሁላት። እሳቸው መሀረባቸውን አርጥበው እግሯ ላይ አደረጉ፣ እኔ ግንባሯ ላይ። ቀስ በቀስ ጸጥ አለች። ነርሷ ከዚያ በኋላ አስታማሚ አንድ ነው አላለችንም።

እሷ እንቅልፍ ሲወስዳት ንፋስ ለመቀበል ወደ ዛፉ ሥር ወጣን። እኔ ጀመርኩ።

"ኡስታዛ፣ እንደማልወድዎ ያውቃሉ አይደል?"

"አውቃለሁ" አሉ። "መኪናሽን ስትረግጪው ያስታውቃል።"

ሳቄ አመለጠኝ።

"እኔ ግን ወደ ሱቃችሁ ለማን ብዬ የምመጣ ይመስልሽ ነበር?"

"ለእሷ ነዋ። በዐረብኛ ስትንጫጩ ነው የምትውሉ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይኸን የተሰባበረ አማርኛ ከየት ያመጣሁት ይመስልሻል? ካርቱም ማዶ፣ ኦምዱርማን ስኖር ጎረቤት ነበረችኝ፣ ሐበሻ፣ ከጎንደር ደጋ በልጅነቷ የመጣች። ግድግዳችን አንድ ነው። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ ባሃኢ። በየቀኑ እንጣላለን፣ በየቀኑ እንታረቃለን። ስለ ምን? ስለ ውኃ ባልዲ፣ ስለ ድመት፣ ስለ ሬዲዮ ድምፅ። ጦርነቱ ሲመጣ አልጋ ላይ የዋለ ባል ስለነበራት አልወጣም አለች። እኔ ወጣሁ። ስልኩ ተቋረጠ። ትኑር ትሙት አላውቅም።" የተጠገነውን ቀለበታቸውን በጣታቸው አዞሩት። "አንች ስትናገሪ የእሷ ድምፅ ነው። ያው አነጋገር፣ ያው ቁጣ። ለዚህ ነው ዓይኔን የምጨፍነው። እናንተ ስለ ማራገቢያ ስትጨቃጨቁ እኔ በጣም እቀናባችሁ ነበር።"

የሚቀናው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር።

"ሰው ሁሉ አንድ ነው ይሉ የለ?" አልኳቸው በመጨረሻ። "ታዲያ ሌላ ጎረቤት አይበቃዎትም?"

"መዓሌሽ" አሉ፤ ይቅር በይኝ እንደማለት ነው። "አንድ ነው ማለት አንዱ የአንዱን ቦታ ይሞላል ማለት አይደለም። እኔም ይኸ የገባኝ አሁን ነው።"

ጓደኛዬ ዳነች። ሱቅ ስትመለስ ከስታ ኮከቡ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሐብሉ ረዘመባት። ከመኪናው ሥር የከተትኩትን ጨርቅ አውጥቼ ቀሚሱን ጨረስኩላት። ስትለካው ሰፋት። "ወፍሪ" አልኳት፤ "እኔ አላጠበውም።" ማራገቢያውን ወደ ራሷ አዞረችው፤ ገና ድካም አለባት ብዬ ተውኳት፤ በሦስተኛው ቀን ግን አልተውኳትም።

ኡስታዛ ብዙም አልቆዩ። ተዘግቶ የሰነበተው የጎንደር መንገድ ሲከፈት አዲስ አበባ ካለችው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሚኒባሱ ሲነሳ ጓደኛዬ ክፉኛ አለቀሰች። እኔ ደግሞ፣ ቢነገር ያሳፍራል፣ በአንድ በኩል ደስ አለኝ፣ በሌላ በኩል ለእኔ እንዲህ ታለቅስ ይሆን እያልኩ እንባዋን ስመዝን ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ግን እኔም ወደ በሩ አያለሁ። ሳወራ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ጠፍቶ የማወራው ሁሉ ቀለለብኝ።

ጓደኛዬ የኡስታዛን ተማሪዎች ተረከበች። ቅዳሜ ጠዋት ሱቃችን ውስጥ ታስተምራቸዋለች፤ ዐረብኛ የሚናገሩ፣ አማርኛ የሚናገሩ፣ ጉሙዝኛ የሚናገሩ፣ ሁሉም ጨርቄ ላይ ይቀመጡብኛል። እሷ ባሃኢ ሆናለች። እኔ አልሆንኩም፤ ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። አንዳንድ እሑድ አብሬያት ሄጄ ተራዬ ሲደርስ ውዳሴ ማርያም አነባለሁ፤ ማንም ምን ታነቢያለሽ አላለኝም። ቅናቱ ለቆኛል ብል ዋሸሁ። አዲስ ሰው መጥቶ አጠገቧ ሲቀመጥ አሁንም አንገቴ ይዞራል። ሻይ ስትቀዳ ግን ስኳሬን ራሷ ትጨምራለች፤ ያን አስተውያለሁ።

በቅርቡ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የነበረው የስልክ መስመር በተመለሰ ሰሞን፣ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላውቀውም።

"አገኘኋት!" አሉ ኡስታዛ። እየሳቁ ነው፣ እያለቀሱም ነው። "ባሏ አርፏል፤ እሷ ፖርት ሱዳን ናት፣ ደህና ናት። ድምጿን ስሰማ መጀመሪያ አንች የደወልሽ መሰለኝ! ተሳድባ ተሳድባ ነው ሰላም ያለችኝ። ለማን ልንገር ስል አንች ትዝ አልሽኝ።"

"እሰይ! እሰይ ኡስታዛዬ!" ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። በልቤም በአፌም እርስዎ ነበሩ።

ጓደኛዬ እሳቷን አጥፍታ መጣች። "ማን ነው? ኡስታዛ ናቸው? ስጭኝ!"

"ቆይ፣ እየነገሩኝ ነው።"

"ምን እያሉሽ ነው?"

"ስለ ብዙ ነገር።"

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ከንፈሯ ቀጠነ፣ ዓይኗ ጠበበ። ያን ፊት በመስኮቱ መስታወት ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የእኔ ፊት ነበር።

"ለምንድን ነው ላንች የደወሉት?" አለች። "ቁጥሬ አላቸው እኮ! ለእኔ ለምን አልደወሉም?"

"ቀናሽ እንዴ?"

"ሂጅ ወዲያ! ማን ይቀናል? ስጭኝ ስልኩን!"

"ይሄው ልሰጥሽ ነው" አልኳት፤ ግን ወደ በሩ ወጥቼ በጥላው በኩል ቆምኩና "እሺ ኡስታዛ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፤ ስልኩን ስታነሳ ምን አለችዎ?" አልኩ።